የማር ወንድም

«አንድ ጣት ማር በላስኩ አንገቴን ልክፈል እንዴ?! እኮ ንገሪኝ! አንድ ጣት ማር!»

ዋቅጅራ ነው እንዲህ የሚጮኸው። የሚጮኸው ጎጆው ውስጥ ሆኖ ነው፤ ድምፁ ግን ክዳኑን በስቶ ወጥቶ የቂርቆስን ቁልቁለት ይዞ እየወረደ ነው። ሚስቱ ጥሩዬ ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ ተነሳችና በመዳፏ አፉን ከደነችው።

«ቀስ በል አንተ ሰውዬ! የጣልያን ካሚዮን በዚህ ካለፈ ገና አቧራው አልተቀመጠም። ለሞትህ ራስህ ጥሩምባ ልትነፋለት ነው?»

እጇን ከአፉ ላይ አነሳው። «ጥሩምባውማ ተነፍቷል! ይሄን አታይም?» ትከሻው ላይ ያለውን ይዞ አርገፈገፈው።

ትከሻው ላይ ያለው ካባ ነው። ጥቁር፣ ዳር ዳሩ በወርቅ ዘቦ የተጠለፈ፣ የሟቹ የደጃዝማች እንግዳወርቅ ካባ። ከካባው በታች የዋቅጅራ ያው የድሮ ቁምጣ አለ፤ ከቁምጣው በታች በቅሎ የረገጠው እግር። ጥሩዬ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን ግን መልሳ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«አንተው ነህ» አለች ቀስ ብላ። «አፍህ ነው ያመጣብህ። ዝም ብለህ ብትኖር ያን ማር ማን ያስታውሰው ነበር?»

እሷም እውነቷን ነው፤ ግን ነገሩን ከሥሩ ካልነገሩት አይገባም።

ዋቅጅራ የደጃች እንግዳወርቅ በቅሎ ጠባቂ ነው። ከሰላሌ ገና ጢም ሳያበቅል ነው የመጣው፤ ግቢው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ከፍ ብሎ፣ ጣልያን ለሹማምንቱ ቤት እሠራለሁ ብሎ ችካል ከተከለበት፣ ሰዉም አሁን አሁን ካዛንቺስ እያለ ከሚጠራው ሜዳ አጠገብ ነው። በቅሎ ያጥባል፣ ይጭናል፣ ፋንድያ ይጠርጋል፣ ማታ ማታ ጠጅ ቤት ይወርዳል። በቃ፣ ኑሮው ይቺ ናት። ጥሩዬን ያገኛትም እዚያው ግቢ ነው፤ እሷ ወጥ ቤት በርበሬ ስትደልዝ፣ እሱ ገለባ ልለምን ብሎ በወጥ ቤቱ በር ሲመላለስ። ገለባ ወጥ ቤት ምን ሊሠራ እንደሚገኝ እስከ ዛሬ አልተናገረም።

እና አንድ ክረምት ደጃች የቀበናን ወንዝ ሲሻገሩ በቅሏቸው አዳለጣትና ከነካባቸው ጎርፉ ውስጥ ገቡ። ያ ሁሉ ተከታይ ዳር ላይ ቆሞ «ወይኔ ጌታዬ! ወይኔ ጌታዬ!» ሲል ዋቅጅራ ዘሎ ገብቶ በጸጉራቸው ጎትቶ አወጣቸው። ጌታን በጸጉሩ መያዝ ያስገርፋል፤ ግን የዚያን ቀን የገረፈው የለም። ማታ ግብር ላይ ደጃች ጠጁ ሞቅ ሲላቸው ተነሡና «ይሄን ልጅ ዛሬ ወለድኩት!» አሉ። ማር አስመጡ። አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩ። ዋቅጅራ ተንበርክኮ ያን ጣት እንደ ሕፃን ጠባ፤ የነፍስ አባታቸው መምሬ ዘሩ መረቁ፤ አዳራሹ እልል አለ። የጡት ልጅ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። በአገሩ ልማድ ከአብራክ ልጅ አይለይም።

በልማድ ነው እንጂ በኑሮማ ምን አገኘ? አንድ ጋቢ። በማግስቱ ፋንድያው ይጠብቀው ነበር። የደጃች ሁለቱ ልጆች፣ ታላቁ ፊታውራሪ ወልዱና ታናሹ ልጅ ደጉ፣ ሲያላግጡበት «የማር ወንድማችን፣ እስቲ በቅሎዬን ጫንልኝ» ይሉታል። በዕድሜ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ግን ማን ዕድሜ ቆጠረ? ዋቅጅራም ብድሩን የሚመልሰው ጠጅ ቤት ነው። ሁለት ብርሌ ከጠጣ በቃ ደረቱ ይነፋል፤ «እኔን እኮ በቀላሉ እንዳታዩኝ! የደጃች እንግዳወርቅ የበኩር ልጅ ነኝ! ጠይቁ! መምሬ ዘሩን ጠይቁ!» እያለ ከቂርቆስ እስከ ቄራ ያልሰማው ሰካራም የለም።

ደጃች ጦርነቱ ሊነሣ ሲል ሞቱ። በተዝካራቸው ዕለት ሁለቱ ልጆች የአባታቸውን ወንበር አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው ሲጓተቱ እግሩን ሰበሩት። ወንበሩ ተጠገነ፤ የቤቱ አለቅነት ግን አልተጠገነም። ፊታውራሪ «ታላቅ እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ልጅ ደጉ «አባቴ ሲያጣጥሩ የመረቁት እኔን ነው» ይላሉ፤ እናታቸው እመቤት ተናኘወርቅ ደግሞ በመካከል ቁጭ ብለው፣ በአፍንጫቸው በኩል ቃሉን እየጎተቱ፣ «ኧ...ረ ተዉ ልጆ...ቼ» ይላሉ። ልብ ላለው ሰው፣ እመቤት ክርክሩ እንዲያልቅ የፈለጉ አይመስሉም ነበር። እስከዚያው የጎተራው ቁልፍ እሳቸው ወገብ ላይ ነው።

ከዚያ ጣልያን ገባ። ከዚያ የካቲት መጣ። ስለ የካቲት ምን ይባላል? ቂርቆስ ሠፈር የተቃጠለው ቤት እስከ ዛሬ ይሸታል። ሰዉ ሲተላለፍ ሰላም መባባል ትቷል፤ ሰላም ያልከው ሰው ነገ ቢያዝ «ጓደኛህ ነው» ትባላለሃ።

በሚያዝያ አዋጅ ተነገረ። ጌታቸው የሞተባቸው ትልልቅ ቤቶች ሁሉ የቤቱን ወራሽ አለቃ ለጣልያኑ ሹም ያቅርቡ፤ አለቃ የሌለው ቤት የሽፍታ ቤት ነውና ይቃጠላል። ቀድመው የሄዱ ነበሩ። ለምሳሌ ከወንዝ ማዶ ያሉት ግራዝማች ነጭ ለብሰው፣ ጢማቸውን አበጥረው ሄዱ። አልተመለሱም። «ሮማ በመርከብ ወሰዷቸው» ያለ አለ። «ኧረ መርከብ እዚህ ከየት መጣ፣ ጉድጓድ ነው» ያለ አለ። ደግሞ «ሜዳልያ አጥልቀውላቸው ማካሮኒ ሲበሉ አየሁ» ብሎ የማለም አለ። ማን ያውቃል? አለማወቁ ነው የባሰው።

እንግዲህ ያ ወንበር በአንድ ቀን ጋለ። ፊታውራሪ ወልዱ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው «ቁርጥማት ያዘኝ» አሉ። ልጅ ደጉ ከየት እንዳመጡት እንጃ የመነኩሴ ቆብ ደፍተው ብቅ አሉ።

«ጋሼ፣ ታላቅ እርስዎ ነዎት፤ ይቀመጡ እንጂ» ይላሉ ልጅ ደጉ።

«ኧረ አንተን ነው አባባ ሲያጣጥሩ የመረቁህ!» ይላሉ ፊታውራሪ።

«ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን የመረቁት እርስዎን ሳይሆን አይቀርም፤ ጆሮዬን ያመኝ ነበር።»

ሁለት ዓመት ሙሉ የተጓተቱበትን ወንበር አሁን በእግራቸው ይገፋፉታል። እመቤት ተናኘወርቅ ይሄን ሁሉ ዝም ብለው አይተው አይተው፣ «ልጆ...ቼ» አሉ። «ታላቅ ወንድማችሁን ረሳችሁ?»

ሁለቱ ተያዩ።

«ዋቅጅራ ይጠራ» አሉ እመቤት።

ዋቅጅራ የበቅሎ ጠጉር ከእጁ ሳያራግፍ ነው የገባው። ይገረፋል ብሎ ነበር የጠበቀው፤ የትኛዋ በቅሎ ምን ሆነች እያለ በልቡ ሲቆጥር፣ ፊታውራሪ ወልዱ ብድግ አሉ። በቁርጥማት እግራቸው ብድግ አሉና ዝቅ ብለው እጅ ነሡት።

«ጋሼ ዋቅጅራ፣ እንደምን ዋሉ?»

ፊታውራሪ ዋቅጅራን ሲጠሩት የኖሩት «አንተ» ብለው ነው፤ ሲከፋቸው ደግሞ «ና አንተ ፋንድያ» ብለው። «ጋሼ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ዋቅጅራ የጀርባው ላብ እንደ ቀበና ቀዘቀዘው። ጅራፍ ቢሆን ያውቀዋል። ይሄን ግን አያውቀውም።

«እመቤቴ» አለ፣ «እኔ እኮ የጡት ልጅ ነኝ እንጂ... ማለቴ...»

«የጡት ልጅ ከአብራክ ልጅ አያንስም። አንተው አይደለህ በየጠጅ ቤቱ ስትለው የኖርከው? አገር ምስክር ነው።» እመቤት የባላቸውን ካባ ራሳቸው ትከሻው ላይ ጣሉት። «ሐሙስ ጠዋት ትቀርባለህ። ለሹሙ አስተርጓሚ ለሃድጉ ስምህን ነግሬዋለሁ።»

በቃ። ስሙ ከተነገረ ወዲያ መሸሽ የለም። ቢሸሽ፣ «የደጃዝማች እንግዳወርቅ ቤት አለቃ ሸፈተ» ተብሎ ግቢው ይቃጠላል፤ ግቢው ሲቃጠል ጥሩዬ የት ልትሄድ ነው? ቢሄድ ደግሞ እንደ ግራዝማቹ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ።

ሮጦ መምሬ ዘሩ ጋ ደረሰ።

«አባቴ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ ያን ማር ይፍቱልኝ!»

መምሬ በሩን ከፍተው ግራ ቀኝ አዩ፤ መልሰው ዘጉ። «ልጄ፣ ግዝት ይፈታል። ጋብቻም ሲብስ ይፈታል። የተዋጠ ማር እንዴት አድርጌ ልፍታልህ?»

«እንግዲያው አላየሁም ይበሉልኝ!»

«አይቻለሁ ብዬ ትናንት እመቤቲቱ አስምለውኛል» አሉ መምሬ። «ሂድ አሁን፣ ከኔ ጋ አይዩህ።»

ከዚያ ነው ዋቅጅራ ካባውን እየጎተተ ጎጆው የገባውና «አንድ ጣት ማር በላስኩ» እያለ የጮኸው። ጩኸቱ ሲደክመው ካባውን ሳያወልቅ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጥሩዬ ጣቶቿን ታፍተለትላለች፤ ስታስብ እንደዚያ ናት።

«ጌታ አድርገውሃል አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን ጌታ? የመሥዋዕት በግ ነው ያደረጉኝ!»

«እኔ እንጃ፤ ካባው የጌታ ነው። እንግዲያ ጌታ ሁና።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ደጃች እንግዳወርቅ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ውሃ ሽንት ሲወጡ እንኳ ስንት ሰው ነበር የሚከተላቸው?»

«አስር... አስራ ምናምን።»

«ብቻውን የሚሄድ ጌታ የት አገር አለ ታዲያ? ታናሽ ወንድም ለታላቁ ምን ያደርጋል? ጃንጥላ ይይዛል፤ በቅሎ ይስባል። ወንድሞች አሉህ አይደል እንዴ? ይከተሉሃ!»

ዋቅጅራ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ፊታውራሪ ወልዱ... በቅሎዬን ሊስቡ? አብደሻል ሴትዮ!»

«አላበድኩም። እኚያን ሰውዬ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆኜ ስንት ዓመት ነው ያየኋቸው። ትዝ ይልሃል፣ በፋሲካ ለልጅ ደጉ ቀድሞ ብርንዶ ተቆረጠላቸው ብለው ሁለት ቀን እህል ሳይቀምሱ የዋሉት? ሞት ይፈራሉ፤ አዎ። መናቅ ግን ከሞት ይብስባቸዋል። ያ ጣልያን አንተን 'ደጃዝማች' ብሎ ሲጠራህ እሳቸው ልጓም ይዘው ቆመው ይሰሙታል ብለህ ነው? ይፈነዳሉ። ካንተ ቀድመው 'እኔ ነኝ' ይላሉ።»

«አይሉም።»

«ይላሉ።»

«እኔ ልንገርሽ! ፍርሃት የገባበት ሆድ ኩራት አይዝም። ስሙ ሲጠራ መሬት መሬት ያያሉ፤ 'እኔ ነኝ' የምለው እኔው እሆናለሁ፤ እዚያው እቀራለሁ።»

«እንወራረድ!»

«በምን?»

ጥሩዬ ዙሪያዋን አየች። ያላት ነገር አንድ ነው፤ ደጅ የታሰረው ሙክት። ከአምና ጀምሮ ከአፏ እየነጠቀች ያበላችው። «በሙክቱ» አለች። «ፊታውራሪ ከቀደሙህ እኔ አሸነፍኩ፤ አንተም ዕድሜ ልክህን ጠጅ ቤት ገብተህ 'የደጃች ልጅ ነኝ' አትልም። አንተ ከቀደምክ ሙክቱን ውሰድ።»

«እኔ ከቀደምኩማ እዚያው ቀርቼ የለ? ማን ይበላዋል?»

ጥሩዬ ፊቷን ወደ ደጅ፣ ወደ ሙክቱ አዞረች።

«ተዝካሬን አውጪበት» አለ ዋቅጅራ።

ሁለቱም ሊስቁ ሞከሩ። አልወጣላቸውም።

በማግስቱ ዋቅጅራ አዳራሹ ገባ። ሎሌ፣ ገረድ፣ ባልቴት ሁሉ ጥግ ጥጉን ይዞ ቆሟል፤ ሁሉም የሐሙስን ነገር ያውቃል። ለመናገር የተዘጋጀው በደጃች ድምፅ ነበር። አፉን ሲከፍት የወጣው የጫጩት ድምፅ ነው።

«ሐሙስ... ወንድሞቼ ይከተሉኛል። ልጅ ደጉ ጃንጥላ ይይዙልኛል። ፊታውራሪ በቅሎዬን ይስቡልኛል።»

የፊታውራሪ ፊት መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ እንደ በርበሬ ቀላ። «እኔ? ያንተን በቅሎ? አንተ ፋን...»

«ብቻዬን ከሄድኩ» አለ ዋቅጅራ ቶሎ ብሎ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ «ሃድጉ የሐማሴን ሰው ነው፤ የጌታ ቤት ያውቃል። ያለ አጀብ ሲያየኝ ሎሌ መሆኔን ይለየኛል። ከዚያ 'አታለላችሁን' ብለው ሁላችንንም...» አልጨረሰውም። ሁሉም በልቡ ጨረሰለት።

እመቤት ተናኘወርቅ አዩት። እንደ ዕቃ ነበር የሚያዩት እስከ ዛሬ፤ አሁን ግን እንደ ሰው አዩት፤ ለዋቅጅራ ይሄኛው ባሰበት። የጎተራውን ቁልፍ በጣታቸው ሁለት ጊዜ አዟዟሩ።

«ልማድ ነው» አሉ። «ይሂዱ።»

«እማማ!» አሉ ፊታውራሪ።

«በቅሎ መሳብ አይገድልም፣ ልጄ» አሉ እመቤት፤ ይህን ጊዜ ግን በአፍንጫቸው አልጎተቱትም።

ሐሙስ ጠዋት ወጡ። ዋቅጅራ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጥባት በኖራት በቅሎ ላይ ተቀምጧል፤ ተቀምጦባት ግን አያውቅም፤ እሷም ገርሟት ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ታዳምጠዋለች። ከፊት ፊታውራሪ ወልዱ ልጓም ይዘው፣ እግራቸውን እየጎተቱ። ከጎን ልጅ ደጉ ከነቆባቸው ጃንጥላ ይዘው፤ ፀሐይ ገና አልወጣችም እንኳ። ከኋላ ጥሩዬ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና፣ ከሩቅ።

መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ማለቴ አለ፤ ግን በር ሲዘጋ ብቻ ነው የምትሰማው። ሰዎች በራቸው ላይ ብቅ ይሉና አጀቡን ሲያዩ ቀጭ! ቀጭ! የካቲት ላይ የተቃጠሉት ቤቶች ምሰሶዎች ብቻቸውን ቆመዋል። አንዱ ምሰሶ ላይ የሴት መቀነት ተንጠልጥሎ ነበር፤ ማንም አላወረደውም። ዋቅጅራ ሲያልፈው ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍተው የፊታውራሪን ማጅራት አየ፤ ላብ እየወረደበት ነው። «አይሉም» አለ በልቡ። «እንዲህ የሚያልበው ሰው አይናገርም። አለቀልኝ።» መጸለይ ሞከረ፤ በአማርኛ ጀምሮ ጠፋበት፤ በእናቱ ቋንቋ ቀጠለ፤ እሱም ጠፋበት።

የሹሙ ቤት በር ላይ አንድ ካሚዮን ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ኋላው በሸራ ተሸፍኗል። ሸራው ታች ድረስ አልደረሰምና ሁለት ባዶ እግር ይታያል፤ የተቀመጠ ሰው እግር። በቅሏ ቆመች። ልትሄድ አልቻለችም፤ ፊታውራሪም አልሳቧት።

አስተርጓሚው ሃድጉ ወጣ። ከኋላው ቦርሳ ያንጠለጠለ ወጣት መኮንን።

«የደጃዝማች እንግዳወርቅ ቤት አለቃ፣ መን እዩ? ማነው?» አለ ሃድጉ።

ዝም።

ዋቅጅራ ካባውን ደረቱ ላይ ሰብሰብ አደረገ። ልጅ ደጉ ጃንጥላውን ቀስ አድርገው ወደ ራሳቸው አወረዱት፤ ፊታቸው ጠፋ። ፊታውራሪ መሬት መሬት ያያሉ። ልክ ዋቅጅራ እንዳለው።

መኮንኑ በቅሎ ላይ ያለውን፣ ባለ ካባውን አየ። ባርኔጣውን በሁለት ጣት ነካ አደረገና ፈገግ ብሎ «ሲኞር ደጃዝማች» አለ። ቀጥሎ፣ ልጓም የያዙትን ፊታውራሪ ወልዱን በጣቱ ጠርቶ፣ በቅሏን ወዲያ ወስደህ እሰር የሚል ምልክት አሳየ። እንደ ሎሌ።

የፊታውራሪ አንገት ቀና አለ። የአፍንጫቸው ቀዳዳ ተከፈተ። ዋቅጅራም በዚያው ቅጽበት፣ ከፍርሃቱ የተነሣ ይሁን ወይ ያ ዝምታ ስላላስቻለው፣ ትንፋሹን ለቀቀ።

«እኔ ነኝ!»

«እኔ ነኝ!»

ሁለት ድምፅ፤ አንድ ላይ።

ሃድጉ አንዱን አየ፤ ሌላውን አየ። የዋቅጅራን እጅ አየ፤ የተሰነጣጠቀውን፣ የጭነት ገመድ የበላውን። የፊታውራሪን እጅ አየ፤ ለስላሳ፣ ልጓሙ ገና በአንድ ጠዋት ያቀላውን። ለመኮንኑ በጣልያንኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ መኮንኑ ፈገግታውን ከፊቱ ጠረገ።

«አንተ ግባ» አለ ሃድጉ፣ ፊታውራሪን።

ፊታውራሪ ልጓሙን ወደ ላይ፣ ለዋቅጅራ አቀበሉት። «ከአባቴ በቅሎ ላይ ውረድ፣ አንተ ፋንድያ» አሉ፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም፤ እንደ ደህና ሁን ነበር ያሉት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቁርጥማቱ የት እንደገባ እንጃ፣ ቀጥ ብለው ደረጃውን ወጡ። በሩ ተዘጋ።

ዋቅጅራ ወርዶ ቆመ። ፀሐይ እስክትበረታ ቆሙ። ካሚዮኑ አንድ ጊዜ ወደ ጓሮ ዞሮ ተመለሰ፤ ሸራው አሁን እስከ ታች ታስሯል። ወጥቶ ሄደ። ማን እንዳለበት ማን ያያል? ወታደሮቹ «ቪያ! ቪያ!» ብለው አባረሯቸው።

እመቤት ተናኘወርቅ የግቢው በር ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠው ነበር። መጡ፤ ሦስት ወንድሞች ሄደው ሁለት። ባዶ በቅሎ።

«ወልዱስ?» አሉ።

ልጅ ደጉ ቆባቸውን አውልቀው አለቀሱ። ዋቅጅራ ካባውን ከትከሻው አወረደና በሁለት እጁ ዘርግቶ አቀረበላቸው። እመቤት ካባውን አዩት። ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፤ የወርቁን ጥልፍ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ መልሰው ሰጡት።

«አንተ ጋ ይቆይ» አሉ። «ካልተመለሰ፣ አለቃ አምጡ ብለው እንደገና መላካቸው አይቀርም።»

አሁን ዋቅጅራ ጠጅ ቤት አይወርድም። ፋንድያውን ይጠርጋል፣ በቅሎዎቹን ያጠጣል፣ ሲመሽ ጎጆው ገብቶ በሩን ይቀረቅራል። ካባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከወዲህም ቢቀመጥ ከወዲያ፣ ሰው የቆመ ነው የሚመስለው።

«አሸንፌሃለሁ» ትላለች ጥሩዬ። «እሳቸው ናቸው የቀደሙት። በገዛ ኩራታቸው ገቡ፤ አንተ አልላክሃቸውም።»

«እኔ ነኝ የቀደምኩት።»

«ከኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ እኮ!»

«ከኋላ ምን ይሰማል? እኔ እዚያው ነበርኩ። 'እኔ ነኝ' ያልኩት መጀመሪያ እኔ ነኝ።» እንዲህ አጥብቆ የሚከራከረው ለሙክት ብሎ ሳይሆን ለነፍሱ ብሎ እንደሆነ ጥሩዬ ታውቃለች።

ልጅ ደጉን ጠይቀው ነበር። «እኔ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ነበር» አሉ። ሃድጉንማ ማን ሄዶ ይጠይቃል?

«እንግዲያው ራሳቸው ፊታውራሪ ሲመጡ ይናገራሉ» አለች ጥሩዬ።

«ከመጡ።»

«ሲመጡ ነው ያልኩት!»

ሙክቱ እንደታሰረ ነው። ጥሩዬ ጠዋት ጠዋት ሣር ትጥልለታለች፤ ዋቅጅራም እሷ ሳታየው ከበቅሎዎቹ ገብስ እየዘገነ ይሰጠዋል። ሊያርዱት አልቻሉም፤ የማን እንደሆነ አልታወቀማ።

ካሚዮን በቁልቁለቱ ሲመጣ ሁለቱም ነገራቸውን ያቆማሉ። ሞተሩን ያዳምጣሉ፤ ይቀርባል፣ ይቀርባል፣ ግቢው በር ጋ ሲደርስ ቀስ ያለ ይመስላቸዋል። ያልፋል። ትንፋሻቸው ሲመለስ ጥሩዬ ቀድማ ትናገራለች፤ በሹክሹክታ።

«እሳቸው ናቸው የቀደሙት።»

«እኔ ነኝ» ይላል ዋቅጅራ።